የጓድ ያን ቋጠሮ

ኮምቦልቻ፣ ጥር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

የማስተረጉምለት የቼክ ቴክኒሻን፣ ጓድ ያን፣ ግራኝ ነው። ደሴ ሰው ቤት ስንጋበዝ እንዳያሳፍረኝ ብሎ በቀኙ ይጎርሳል፤ ወጡ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል።

ዛሬ ከአዲስ አበባ የመጣ ተቆጣጣሪ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችንን የሽመና ክፍል ዞሮ አየና፣ «እነዚህ ሴቶች ሁሉ ግራኝ ናቸው እንዴ?» አለኝ። ለካ የተበጠሰ ክር መቋጠር ያስተማራቸው ያን ስለሆነ ሁሉም የሚቋጥሩት በግራ ነው! ስድስት ወር አብሬያቸው ቆሜ አላስተዋልኩም። ለያን ስነግረው ፊቱ ቀላ።

«በቀኝ እንደገና ይማሩ» አለ ተቆጣጣሪው።

ከሠራተኞቹ አንዷ ዘይነባ በቀኟ ብትሞክር ክሩ አመለጣት። «ወላሂ ጌታዬ፣ በግራው ይፈጥንልናል፤ ይተዉን» አለችው። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን እያየ በግራዋ አስቋጠራት። መፍጠኗን አይቶ ወጣ።

ሰኞ አዲስ ገቢዎቹን የምታሠለጥነው ዘይነባ ናት። እነሱስ በየትኛው እጃቸው ይቋጥሩ ይሆን?