ገተማን ከወራሪ ዕፅዋት ዝርዝር ያሰረዙት የአቶ እንግዳው ወልደ ማርያም የሕይወት ታሪክ
(1953–2016 ዓ.ም.)

አቶ እንግዳው ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ማርያም ተገኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀረገወይን ይማም በ1953 ዓ.ም. በወሎ፣ ላስታ ተወለዱ። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል፤ የቀረውን ትምህርት በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ነው የጨረሱት።

በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር መጥተው ከመቱ ወጣ ብሎ በሶር ፏፏቴ አካባቢ ኑሮ መሠረቱ። ጎረቤታቸው ኦቦ ፉፋ ኢቲቻ ኦሮምኛን፣ ዛፍ መውጣትንና ጋጉራ የሚሉትን ቀፎ መስቀልን አስተማሯቸው። በሦስቱም ወድቀው ተነሥተዋል፤ ከዛፉ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሳያት ገዛኸኝ ጋር ጎሬ ላይ ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ2009 ዓ.ም. አንድ አጥኚ ቡድን መጥቶ ንብ ከአበባው ነጭ ማር የምትሠራበትን ገተማ የተባለ ዛፍ ተመለከተ። ገተማ ጠባዩ ነው፤ በሌላ ዛፍ ጫንቃ ላይ በቅሎ ሥሩን ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰዳል። ቡድኑ ይህን አይቶ “ከውጭ የመጣ ወራሪ” ብሎ በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። አርባ ሦስት ዛፎችም ሊቆረጡ ቀይ ቀለም ተቀቡ። ቀፎ የሰቀለ ሁሉ ኑሮው ሊቆረጥ ሆነ።

አቶ እንግዳው አቤቱታ ጽፈው አንድ ማሰሮ ማር በአባሪነት አያያዙ፤ እጅ መንሻ እንዳይባልም “ማስረጃ” ብለው መዝገብ ቤት አስመዘገቡት። ደብዳቤው ጠፋ። ማሰሮው ግን ታጥቦ ተመለሰላቸው። ሁለተኛውን ያለ ማር አስገቡ። ጉዳዩ እስኪታይ ቆረጣው ይቆይ ተባለ፤ ጉዳዩም ሦስት ዓመት ሳይታይ ቆየ።

በመጨረሻ ኦቦ ፉፋ ከአያታቸው ሣጥን አንድ ወረቀት አወጡ። አያታቸውና አንድ ሌላ ሰው ቀፎ በሚሰቀልበት አንድ ገተማ ጎሬ ድረስ ሄደው የተካሰሱበት የ1921 ዓ.ም. የፍርድ ግልባጭ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በተጠራው ስብሰባ አንድ ባለሙያ፣ “ጋሼ እንግዳው፣ እርስዎ ራስዎ በሰፈራ የመጡ ሰው፣ የዛፉን ተወላጅነት በምን አወቁ?” ቢሏቸው፣ “እኔ ስመጣ ቆሞ ነው የጠበቀኝ። ከዚያ በፊት ያለውን ዳኛ ጽፎታል” ብለው ወረቀቱን ዘረጉት። ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አንብበው፣ “ለመሆኑ ማን ረታ?” አሉ።

“እኛ” አሉ ኦቦ ፉፋ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ገተማ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ከጎሬና ከቡሬ ሳይቀር የመጡ ማር ቆራጮች አቶ እንግዳውን በጫንቃቸው ተሸክመው የመቱን ገበያ ዞሩ። ወራሪ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ63 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ሰይፈን፣ መታሰቢያንና ቴዎድሮስን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም የዘንድሮ ቀፏቸውን የሰቀሉላቸውን ኦቦ ፉፋን ትተው ሄደዋል። አርባ ሦስቱም ገተማዎች ቀይ ቀለማቸው ሳይለቅ ዛሬ አብበዋል፤ ቆመው እንደተቀበሏቸው ቆመው ሸኝተዋቸዋል።

ቸሩ አምላክ ደጁን ያለ ማመልከቻ ይክፈትላቸው፤ ስማቸውንም ምንም በማይጠፋበት በሕይወት መዝገብ ያኑርልን።