ስለ አሜሪካ ብቻ

ሚያዝያ 21፣ ጠዋት 3 ሰዓት

መብራት የለም። ፕሪንተሩ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ እኔም አጠገቡ። የባ/ዳር መንገድ ዛሬም ዝግ ነው፣ አራተኛ ቀኑ። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ ሦስት ሰዎች ደጃፌ ላይ ቆመው መብራት ይጠብቃሉ። ስለ መንገዱ የሚያነሳ የለም። አንዱ ስለ ብርዱ ተናገረ፣ ሁለቱ ተስማሙ።

ስልኬ ግን ባትሪ አለው። ትናንት የለጠፍሁት ሲያባላ አደረ። ጉዳዩ የሣር ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የግቢውን ሣር ሳያጭድ ቆየና የሰፈሩ ማኅበር ቀጣው። ለአባየ ተረጎምሁላቸው። መጀመሪያ ላም የለውም ወይ አሉ። ቀጥለው፣ ጎረቤቶቹ ሄደው ነግረውታል ወይ? የለም፣ አጥር ለአጥር ሆነው ደብዳቤ ነው የጻፉለት አልኋቸው። ፍርድ፦ ቅጣቱን ደብዳቤ ጸሐፊው ይክፈል። «የአባየ ችሎት» በሚለው ገጻችን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አወጣሁት። አሁን ግማሹ አሜሪካ ይደግፋል፣ ግማሹ ይራገማል። አንዱ አባየን ለከንቲባነት ጠቁሟቸዋል።

የአባየ ዳሌ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ። ድሮ ከጉና ሥር እስከ ይፋግ ድረስ ለእርቅ የሚጠሩ፣ ደም ያደረቁ ሽማግሌ ነበሩ። ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም። የሚያስታርቁት ቢያጡ አሜሪካን ሰጠኋቸው።

መብራት መጣ። ልሥራ።

ሚያዝያ 24፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬ ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ ፖለቲከኞች መድረክ ላይ ሲሰዳደቡ በስልኬ አሳየኋቸው። አባየ እንደ ልማዳቸው የአንዱን ብቻ ሰምተው አይፈርዱም፤ የሁለቱንም እስከ መጨረሻው አስተረጎሙኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ከዚያ ጥያቄያቸው መጣ፦ ዘራቸው ተጋብቷል ወይ? አልተጋባም። «ታዲያ ማን ብሎ ነው መሃል የሚገባው?» ልጆቻቸውን ያጋቡ ብለው በየኑ። ለጠፍሁ።

በዚያው የውሻ ልደት አሳየኋቸው። ኬክ፣ ሻማ፣ ውሻው ራስ ላይ ቆብ። ረጅም ጊዜ ተመለከቱና ውሻው ያውቃል ወይ አሉ። ስስቅ ሻዩን አፈሰስሁት።

ደብተሬ፣ እንዲህ የምንስቅበት ሌላ ወሬ እኮ የለንም። ስለ ራሳችን ስናወራ ድምፃችን ይወርዳል። አባየ በዓይናቸው በሩን ያሳዩኛል፣ ተነስቼ እዘጋለሁ። ስለ አሜሪካ ስናወራ በሩ ክፍት ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ቆሞ ይሰማል። አሜሪካን የምወደው ለዚህ ይመስለኛል። አገሩን አላውቀውም።

ሚያዝያ 29፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ጽሕፈቴን አትዪው።

የዲቪ ውጤት ወጣ። ሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ሰርግ ቤት ነበር። ጥቅምት ላይ የሞላሁላቸው ሁሉ መጡ። ቁጥር አስገባለሁ፣ አልተመረጡም ይላል። ቁጥር አስገባለሁ፣ አልተመረጡም። አንዲት እናት ለልጃቸው መጥተው እንደገና እዪልኝ አሉ። ሦስት ጊዜ አየሁላቸው። መርቀውኝ ሄዱ፣ የሰጠኋቸው ነገር ያለ ይመስል።

ሰው ሲያልቅ የራሴን አስገባሁ። ለሰው ስሞላ ለራሴም መሙላቴን ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው።

ተመርጠሻል ይላል።

ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፣ የሰረቅሁ ይመስል። ቤት ገብቼ አባየን እራት አበላሁ። ዛሬ አሜሪካ ምን አለች አሉኝ። ምንም አልሁ። አሞሻል ወይ አሉ። አላመመኝም አልሁ።

ለምን እንዳልነገርኋቸው አውቃለሁ። እንዳይከለክሉኝ አይደለም የምፈራው። ሂጂ ይሉኛል። ወዲያው፣ ሳያስቡ፣ ሂጂ ይሉኛል። ከዚያ ማን ከአልጋ ያነሳቸዋል?

ግንቦት 6፣ ጠዋት 4 ሰዓት

የቪዛ ማመልከቻ ቅጹን ከፈትሁ። ረጅም ነው። ስም፣ ትምህርት፣ የኖርሁባቸው ቦታዎች (አንድ ቦታ)። ወርጄ ወርጄ አንድ ጥያቄ ላይ ቆምሁ፦ ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀምሽባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች በሙሉ ጻፊ።

አ.አ. ላለችው የአክስቴ ልጅ ሰናይት ደወልሁ። የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው የምትሠራው፤ እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለች። ስለ ዲቪው እልል አለች። ስለ ገጹ ስነግራት ግን እልልታው ቀረ። ከዚያ አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ፦ ገጹን አጥፊ። አስተያየቶችሽን አጥፊ። ንጹሕ ገጽ ክፈቺ፣ አበባና የቅዱሳን ሥዕል ለጥፊበት። የሰው አገር ፖለቲካ ውስጥ ማን ግቢ አለሽ? አባቴ ናቸው የሚፈርዱት አልኋት። እሱማ ይብሳል አለች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። እኔ ደግሞ ከአፌም ብሶ በጽሑፍ አስቀምጨዋለሁ።

ግንቦት 9

ሱቁን ዘግቼ አነባለሁ። የአምስት ዓመት ነገር። የአባየ ፍርዶች ደህና ናቸው፤ ማንም ቢያነባቸው አያሳፍሩም። የሚያስፈራው የእኔ ነው። በየፖለቲከኛው ገጽ ሥር ገብቼ የጻፍሁት። አንዱን፣ በቅሎ ቢሆን ኖሮ ለገበያ አይወጣም ነበር ብየዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ። አንዷን ውሸታም ብያታለሁ፤ አድራሻዋን የማላውቃት ሴት! ምን አጥፍታብኝ ነው?

ከቀን ጋር አስተያየሁት። በቅሎ ያልሁት፣ አምቡላንስ አጥተን አባየን በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረስሁ ሰሞን ነው። ውሸታም ያልሁት፣ ት/ቤቶች የተዘጉ ሰሞን። ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየበት ጊዜ ባዶ ነው፤ ሲመለስ በአንድ ቀን አሥራ አንድ ስድብ። ቁጣው ሁሉ የዚህ አገር ነው፤ የማልፈራቸው ላይ ነው የደፋሁት። አሳፈረኝ፣ አናደደኝም። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የምናገረው ስለ አሜሪካ አልነበረም።

ግንቦት 13፣ 9 ሰዓት

መጥፎ ቀን።

ያለፈውን ሳምንት ፍርድ አልነገርሁሽም። የአሜሪካ ም/ቤት በበጀት ሳይስማማ ቀርቶ መ/ቤቶች የተዘጉበትን የቆየ ታሪክ ለአባየ አንብቤላቸው ነበር። አልገባቸውም። መንግሥት ተዘጋ? አዎ። «ተዘግቶ ሰዉ ሰላም አደረ? አንድም አልተተኮሰ?» አልተተኮሰም። «ይሄማ የሚያስቀና ጥል ነው» አሉ። ቃል በቃል ለጠፍሁት። ሰው ተቀባበለው። ከሥሩ አንዱ፣ ይህ በእርግጥ ስለ አሜሪካ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ስንት ሰው ሳቀ።

ዛሬ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሰው ደብዳቤ ኮፒ ሊያስደርግ መጣ። ስሙን አልጽፍም። ሦስት ቅጂ። እየጠበቀ፣ ገጽሽን እኮ አነባለሁ አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። አባትሽ አዋቂ ናቸው አለ። ከዚያ፦ «ስለ አሜሪካ ብቻ መሆኑን ነው የምወደው። እንዲሁ ቢቀጥል ጥሩ ነው።» ወረቀቱን አስተካክሎ አጣጥፎ ሄደ። በትሕትና አመሰግናለሁ ብሎኝ።

ከሁለት ያጣ ጎመን። እዚያ ለመግባት ስለ አሜሪካ አትናገሪ፣ እዚህ ለመኖር ከአሜሪካ ሌላ አትናገሪ። የት ልናገር? ደብተሬ፣ አንቺም ብትሆኚ ከፍራሽ ሥር ነው የምትኖሪው።

ግንቦት 14

ገጹን ዘጋሁት። አልሰረዝሁትም፣ ለጊዜው የሚዘጋበት አለ። ሁለት ጊዜ ተጫንሁ፣ ጠፋ። ቀላል ነው። ለአባየ አልነገርሁም።

ግንቦት 19፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ምን እያደረግሁ እንደሆነ ልንገርሽ? እየዋሸሁ ነው። አባየ በየምሽቱ ይፈርዳሉ፤ የለጠፍሁ አስመስዬ ስልኩን እነካካለሁ። በማግሥቱ ሰው ምን አለ ይላሉ። ከራሴ እያወጣሁ አነብላቸዋለሁ። የቴክሳስ አንድ ገበሬ ፍርድዎ ትክክል ነው ብሏል። አንዲት መምህርት ዕድሜ ይስጥዎ ብላለች። ያዳምጣሉ። ትናንት መምህርቷ ስንት ልጅ አላት አሉኝ። ሁለት አልሁ፣ ሳላስብ።

ቅጹ ግማሹ እንደተሞላ ተቀምጧል።

ግንቦት 22

ተያዝሁ።

ዛሬም ሦስት ምስጋና አነበብሁላቸው። ጨርሼ ቀና ስል ትክ ብለው ያዩኛል። «እነዚያ ተሳዳቢዎች ታመሙ እንዴ?» አሉኝ። ምን ለማለት ነው አልሁ። «ሳምንት ሙሉ አንድም የሰደበኝ የለም። ሁሉም በአንድ አፍ ነው የሚናገሩ። ልጄ፣ እኔ ስንት የተጠና ምስክር አሳልፌአለሁ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ዲቪውን፣ ቅጹን፣ ሰናይትን፣ የቢሮውን ሰው። በሩ ክፍት እንደሆነ ትዝ ያለኝ ከጨረስሁ በኋላ ነው። ሂጂ እስኪሉኝ ጠበቅሁ። አላሉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። ቆይተው፣ በዚህ ጉዳይ እኔ ባለጉዳይ ነኝና አልፈርድም፣ ሐጂ ይጠሩልኝ አሉ።

ሐጂ ሰይድ ከሱቄ ቀጥሎ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት ናቸው። ከአባየ ጋር ሃያ ዓመት አብረው አስታርቀዋል፣ አንዱ በመስቀል ሌላው በዱዓ።

ግንቦት 24፣ 10 ሰዓት

ሐጂ መጡ። በወጉ፣ ሁለታችንን ለየብቻ። መጀመሪያ አባየን ሰሙ፤ እኔ ውጭ ቆምሁ፣ በራሴ ቤት ደጃፍ ላይ እንደ ተከሳሽ። ከዚያ እኔን ሱቅ ውስጥ። የምትፈሪው ምንድነው አሉኝ። አባቴ ሂጂ እንዳይሉኝ አልሁ። ሳቁ። አባትሽም ይኸው ነው፣ የሚፈሩት በእኔ ምክንያት ትቀራለች ብለው ነው፣ ሂጂ ብላት ደግሞ ገፉኝ ትላለች ብለው ዝም አሉ፣ አሉኝ። አለቀስሁ። ሐጂ የጨርቅ መለኪያቸውን እያገላበጡ ጠበቁኝ።

ውሳኔው በሁለታችን ፊት። አንደኛ፣ ገጹ ይከፈት፤ ቅጹ ላይም ስሙ ይጻፍ። «የሰው ቤት ስትገቢ ስምሽን ደብቀሽ አትገቢም። አልፈልግሽም ካሉሽ በስምሽ ይበሉሽ።» ሁለተኛ፣ በቅሎና ውሸታም ያልሁት ስድብ ግን ይነሳ፤ ፈርቼ ሳይሆን ነውር ስለሆነ፣ ለሴትዮዋም ይቅርታ ይጻፍላት። ሦስተኛ፣ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ የተጠራሁ እንደሆነ እሄዳለሁ፤ አባየ ሐጂ ግቢ ይገባሉ፤ የፊት ለፊቱ ክፍል ይለቀቅላቸዋል፤ የሐጂ ልጆች ያነሷቸዋል።

አባየ እሺ አሉ። እንዲያው በአንድ ጊዜ። አልጋዬ በበሩ ይገባል ወይ ብቻ ብለው ጠየቁ፤ ሐጂም በስንዝር ሊለኩት ተነሱ። ከእኔ በፊት ተነጋግረው የጨረሱት መሆኑ ገባኝ። እንዲህ ቶሎ መስማማታቸው አመመኝ። ለዚያች ሰዓት ጠላኋቸው ማለት ይቻላል።

ግንቦት 25

ገጹ ተከፈተ። ሰናይት አየችው፣ ደወለች፣ ጮኸች። እንዲህ ያለ ዕድል ስንት ሰው ይለምናል፣ አንቺ በገዛ እጅሽ ገደል ትከቺዋለሽ አለች። ልክ ልትሆን ትችላለች። ቢከለክሉኝ ወደዚህችው ወንበር ነው የምመለሰው፤ ያ ሰውዬም ሦስት ቅጂ ሊያስደርግ ይመጣል። ለሴትዮዋ ይቅርታ ጻፍሁላት። አልመለሰችም። ማን እንደሆንሁም አታውቅም።

መንገዱ ለሁለት ቀን ተከፍቶ ዛሬ እንደገና ተዘጋ። ብጠራ እንኳ አ.አ. በምን እደርሳለሁ?

ግንቦት 27፣ ጠዋት 4 ሰዓት

መብራት አለ። ቅጹን በስልኬ ከፍቼ ቤት ይዤው መጣሁ፣ አባየ አጠገብ እሞላለሁ። የገጹን ስም ጻፍሁ። ሁለት ጊዜ አየሁት፣ ፊደሉ ልክ ነው።

ስለ አባት ይጠይቃል። ስም። የትውልድ ቀን፤ አባየ አያውቁትም። አንበጣ የበላው ዓመት ማግሥት፣ ገብስ ሲታጨድ ይላሉ። ቆጥረን ቆጥረን አንድ ዓመት ላይ ተስማማን። የትውልድ ቦታ። በሕይወት አለ ወይ? አዎ። ጮክ ብዬ ስላነበብሁት፣ አለሁ በያቸው አሉኝ።

የአባት የአሁን አድራሻ።

እዚህ ቆምሁ። የሐጂን ግቢ ልጻፍ? አባየ ምን ሆንሽ አሉኝ። አድራሻዎን ይጠይቁኛል አልሁ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ፣ የራሴን አድራሻ ገልብጬ፣ የእሳቸው ላይ ለጠፍሁት። አንድ ነው። ዛሬ አንድ ነው።

ላክሁት።