ባትሪውን የገጠመው እጅ

ለታላቅ ወንድሜ ለሮላንድ፤

ይህ ወረቀት ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ እጅህ እስኪገባ ድረስ እንደምን ሰንብተሃል? የሞሪን ወገብ እንዴት ሆነላት? ሐኪሙ ያዘዘላትን ጠንካራ ፍራሽ ገዛችሁ ወይስ አሁንም ወለል ላይ ነው የምትተኛው? ኪት አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደው? የቴስ የፊት ጥርስስ በቀለ? እናንተ ዘንድ በጋው እየገባ ነው፤ እኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መብራት ማብራት ጀምረናል። እማማ በጤናዋ ደህና ናት። ትበላለች፣ ውሻውን ይዛ ወንዝ ዳር ድረስ ትሄዳለች። ብቻ ሻይ ስትቀዳ አሁንም ሦስት ስኒ ታወጣና ሦስተኛውን መልሳ ትሰቅለዋለች። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም።

ከቀብሩ በኋላ የጻፍከው ደብዳቤ ደርሶናል። እማማ መነጽሯን እንባ እያስቸገራት ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች። ስለ አባባ የጻፍከው መልካም ነው፤ እሷንም አጽናንቷታል። የመጨረሻው ገጽ ግን ለእኔ የተጻፈ ስለነበር ዘልዬዋለሁ። «ገዢው እስኪመጣ ድረስ እጅሽን ከመኪናዋ ላይ አንሺ፤ አንድ ጊዜ ማቃጠልሽ ይበቃል» ነበር ያልከው። አጎት ሲሪልም መኪናዋን የሚገዛው ሰው የሚመጣው ዲሴምበር ሰባት፣ ቅዳሜ ጠዋት መሆኑን አጥር ላይ ተደግፎ ነግሮኛል። እየሳቀ ነው የነገረኝ።

ሮላንድ፣ መኪናዋን ያቃጠልኩት እኔ አይደለሁም። ይህን ሰባት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ለአንተ የምነግርህ አባባ ከእንግዲህ ሊሰማው ስለማይችል ነው።

በጃንዋሪ አባባን ወደ ሐኪም የወሰድኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ቀኑ ምን እንደሆነ ጠየቀው። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር አዘዘው። አባባ ሰማንያ ስድስት ላይ ቆመና ኮፍያውን በእጁ ማዞር ጀመረ። ስንመለስም በራችን ላይ፣ ከመኪናው ሳይወርድ «የእኛይቱ መኪና ማሳዋ ፖዘቲቭ መሆኑን እስካልረሳሁ ድረስ ሰው ነኝ፣ ሄስተር። እሱን የረሳሁ ቀን ሣጥን እዘዙልኝ» አለኝ። ቀልዱ ነበር። እጁ ግን የበሩን መክፈቻ ፈልጎ አላገኘውም፤ እኔ ነኝ ከውጭ የከፈትኩለት።

አንተ የዘይት ሽታ ስለማትወድ ነገሩን ረስተኸው ይሆናል። በዛሬ መኪናዎች ከመኪናው ገላ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ኔጋቲቭ ነው። በእኛይቱ አሮጌ ኤም ጂ መኪና ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከገላዋ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ማሳዋ ፖዘቲቭ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። አባባ በጉልምስናው፣ የኤም ጂ ፋብሪካው ሳይዘጋ፣ ስንቷን መኪና እንዲህ አስሮ በበሩ አስወጥቷል። እንዳይሳሳት ብሎ ሳይሆን ደስ ስለሚለው ብቻ የፖዘቲቩን ራስ ቀይ ቀለም ይቀባው ነበር።

ልማዱን ታውቃለህ። ኖቬምበር ሲገባ ሁለቱን ባትሪዎች ከመቀመጫው ኋላ ያወጣቸውና በጋራዡ መደርደሪያ ላይ ክረምቱን ያሳልፋሉ፤ ማርች ላይ ራሱ መልሶ ይገጥማቸዋል። ከእሱ በቀር የሚነካቸው የለም። ባለፈው ማርች እኔ ኦክስፎርድ ሥራ ላይ በነበርኩበት አንድ ቀን፣ ጠዋት ለእማማ ትንሽ መኪና አዲስ ባትሪ ገጠመላት። እንደ ዘመኑ፣ ኔጋቲቩን ከገላዋ ጋር። ከዚያ ያንኑ መፍቻ ይዞ ወደ ጋራዡ ተሻገረና የኤም ጂዋን ባትሪዎች ገጠመ። ጭንቅላቱ የሚያውቀውን እጁ ረሳው፤ የጠዋቱን ሥራ ደገመ።

በኤፕሪል የመጀመሪያው ቅዳሜ የፋብሪካው ጡረተኞች እንደ ወትሮው ሻያቸውን በፔርሙዝ ይዘው መጡ። እኔ ዓርብ ዕለት ካርቡሬተሮቹን ፈትቼ አጥቤ ዘይታቸውን ሞልቼ ስለነበር ሁሉም ስለ እኔ ሥራ ነበር የሚያወሩት። አባባ ዘንድሮ አንቺ አስነሻት ብሎ አስቀመጠኝ። ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፣ ሞተሩም ተነሣ። የሚያታልለው ይህ ነው፤ ባትሪው ቢገለበጥም ሞተሩ ይነሣል። ትንሽ ነዳጅ ስሰጣት ግን ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ከባትሪው ጋር ተጋጨ፣ ከዳሽቦርዱ ሥርም ጭስ ወጣ። ቁልፉን ዘጋሁት፤ ጭሱ አልቆመም። ዘልዬ ወርጄ የባትሪውን ክዳን ገነጠልኩና ሽቦውን በፒንሳ አላቀቅሁት። ያን ጊዜ አየሁት። ቀይ የተቀባው ራስ ከገላዋ ጋር አልታሰረም፤ በሌላው ወገን ነው ያለው።

አባባ በነጠላ ጫማው ከራሴ በላይ ቆሟል። ጭሱን እንጂ ባትሪውን ገና አላየም። አጎት ሲሪል ምን ነካክተሽ ነው ብሎ ጮኸብኝ። አባባ ጎንበስ ሊል ሲል በትከሻዬ ጋረድኩትና ትናንት ባትሪዎቹን እኔ ፈትቼ ስመልሳቸው ገለበጥኳቸው አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

«እዩልኝማ» አለ ሲሪል ለሰዎቹ፤ «የኤሌክትሪክ ምህንድስና ምሩቅ ፕላስና ማይነስ አትለይም። ዲግሪሽን ማን ነው የገጠመልሽ፣ የኔ እመቤት?»

ሳቁ። አባባ አልሳቀም። ዘይት የነካው እጁን ራሴ ላይ አሳረፈና «ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ነግሬሻለሁ እኮ ልጄ። ቀዩ ከገላዋ ጋር ነው» አለ። አየህ፣ አልረሳም ነበር። ፊቱ ላይ ምን እንዳየሁ ልንገርህ? እፎይታ ነው ያየሁት። የተሳሳተ ሰው ነበረ፣ ያ ሰው ግን እሱ አልነበረም። ያን ሳምንት እራቱን ሳያስተርፍ በላ፤ እማማም ከገና ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲተኛ ገና አሁን ነው አለችኝ።

ከዚያ የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ። በሜይ ሲሪል የውርስ ወረቀት አዘጋጅቶ መጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንቺ ናት ስባል የኖርኩባት መኪና ለአንተ ሆነች። አባባ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሳህን ሳጥብ አጠገቤ መጥቶ ፎጣውን አነሣ። «አትቀየሚኝ። ሁሉም ሰው የሥራ እጅ አይሰጠውም» አለኝ። እሺ አባባ አልኩት። ሳህኖቹን ጨርሼ ወደ መታጠቢያ ቤት ወጣሁና ድምፄ እንዳይሰማ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። አንድ ቃል ብናገር መኪናዋ የእኔ ነበረች። ያ ቃል ግን እሱን ይገድለው ነበር።

ሲሪል የጋራዡን ቁልፍ ኪሱ ከተተው። አልለመንኩትም። እሑድ እሑድ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ የበሩን ማጠፊያዎች በካቻቢቴ ፈትቼ እገባለሁ፣ ከመመለሱ በፊት መልሼ እገጥማቸዋለሁ። የተቃጠለውን የሽቦ ጥቅል ከዳሽቦርዱ እስከ ዲናሞው ድረስ አወጣሁትና በእማማ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት፤ እያንዳንዱን በየቀለሙ ተካሁት። የተጣበቀውን የቻርጅ መቆጣጠሪያ ሣጥን ለወጥኩት። ዲናሞው ተርፎ ነበር። ብቻ የኃይሉ አቅጣጫ ተምታቶበታል፤ በውስጡ ያለው ብረት የመጨረሻውን ነገር ነው የሚያስታውሰው። ባትሪዎቹን በትክክል አስሬ አንዲት ሽቦ ከባትሪው አመጣሁና የዲናሞውን ትንሿን ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁበት። ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ፤ ትክክለኛው መንገድ ትዝ አለው። ለብረት ይህን ያህል ይበቃዋል። ለሰው የሚሆን እንዲህ ያለ ሽቦ ቢኖር ኖሮ ብዬ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ያም ሆኖ አልነሣ አለች። የነዳጁ ፓምፕ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ካንዴላው ግን ብልጭታ የለውም። ለብልጭታው ኃይል የሚሰጠውን ቦቢና ለካሁት፣ ደህና ነው። ብልጭታውን የሚቆራርጠውን ፑንቲና አጸዳሁ፣ ለውጥ የለም። ሦስት እሑድ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ያገኘሁት የብልጭታ ማከፋፈያው ውስጥ ያለች አንዲት አጭር ሽቦ ነበረች፤ ልባሷ ተልጦ ብረቱን ትነካለች። ጥፍር የምታህል ነገር ናት።

ኦክቶበር አሥራ ሦስት ቀን፣ እሑድ ረፋዱ ላይ ተነሣች። ቻርጅ አለማድረጓን የሚያሳየው ቀይ መብራት እስኪጠፋ ጠበቅሁ፣ ጠፋ። እንዳለች ትቻት ወደ ፊተኛው ክፍል ገባሁ። አባባ ከአልጋው ሳይነሣ ወር አልፎታል፤ እኔንም ነርሷ እያለ ነበር የሚጠራኝ። እማማ እጁን ይዛ ተቀምጣለች። መስኮቱን ከፈትኩለት። አባባ ዓይኑን ገልጦ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ፤ ዝም በሉ የሚለው እንዲያ ነበር።

«ይቺን ያደሳት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው» አለ። ትንሽ አዳመጠና «ሮላንድ መጣ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እማማን አየኋት። እሷ ወለሉን አየች።

«አዎ፣ መጥቷል» አልኩት።

«በይ ንገሪው። ሥራ ማለት እንዲህ ነው፣ አባትህ ኮርቶብሃል በይው።»

መልእክቱ የተላከው ለአንተ ስለሆነ ይኸው አደረስኩልህ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ አላነሣም። በስምንተኛው ቀን ዐረፈ።

የቀብሩ ዕለት እንግዶቹ ከወጡ በኋላ እማማ ሳህን እያደረቀች ሳለ፣ አባባ ባትሪዎቹን ሲገጥም የእጅ መብራት የያዘችለት እሷ እንደነበረች ነገረችኝ። እንዳልነካኋቸው ታውቅ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ እሱ ደስ ብሎት ነበር፣ አንቺ ደግሞ ትችይዋለሽ ብዬ ነው አለችኝ። ትችይዋለሽ። በዚህ ቤት ለእኔ የተሰጠኝ ውርስ ይህ ቃል ነው። በእሷ አልተቆጣሁም፤ እኔም ያደረግሁት ያንኑ ነውና። ሲሪል ደግሞ በማግሥቱ መኪናዋን ሳስነሣት የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ መጣ። ጆሮውን ኮፈኑ ላይ አስጠግቶ ካዳመጠ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማን ሠራልሽ?»

አሁን ስማኝ። መኪናዋን ስጠኝ አልልህም። አባባ የፈረመው የእኔን ውሸት አምኖ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ባትሪውን ማን እንደገጠመው ለሲሪል እንዳትነግረው። ጡረተኞቹ በሻይ መሐል አባባን እያነሡ እንዲሥቁበት አልፈቅድም። የምጠይቅህ አንድ መስመር ነው። መኪናዋን ያደሳት እህቴ ናት፣ ሌላ ማንም አይደለም ብለህ ለሲሪል ጻፍለት። ማን እንዳበላሻት አትጻፍ። ከዚያ ወዲያ መሸጥም አለመሸጥም ያንተ ፈንታ ነው። ለእኔ የጻፍከውን ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ መልሼልሃለሁ፤ እኔ ጋ መቀመጫ የለውም።

ገዢው ከመጣ መኪናዋ ተጎትታ አትወጣም፤ በገዛ ሞተሯ ትወጣለች። ቁልፉን እጁ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሲሪልም ልጅቷ አቃጥላት ነበር ብሎ ሲያወራለት አጠገቡ ቆሜ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው ለአባባ ነው። እሱን ወድጄ ነው የተሸከምኩት፤ አላወርደውም። አንተ እስከ ዛሬ ስትፈርድብኝ ሳታውቅ ነው፤ ለዚያም አልያዝኩብህም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ታውቃለህ። አንተም ዝም ካልክ፣ የአንተን ዝምታ አልሸከምልህም።

ሞሪንን በወገቧ ቀስ ብለህ እቀፍልኝ። ለቀብሩ የላከችው ካርድ አባባ በሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት ቆሟል። ኪትን በደብዳቤው የጠየቀኝን ሁሉ ለብቻው ወረቀት እመልስለታለሁ በልልኝ። ቴስን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አያቷ የቴስን ስም እስከ መጨረሻው አልረሳም ነበር፣ ንገራት። እማማ ሁላችሁንም ናፍቃለች፤ ይህን ደብዳቤ ግን አላየችውም።

እህትህ ሄስተር
አቢንግደን፣ ኖቬምበር 17 ቀን 1991