አስቴር የሣለችው ቤት አልታይ አለ

ማክሰኞ፣ ተበላ ከተማ
ዛሬም ስክሪኑ ጥቁር። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከሟች ባልደረባዬ ከአስቴር አባት ከአቶ ዳና ጎን ተቀምጬ በላፕቶፔ ሶዶ ከተማ ቢሯችን ካለው ኮምፒውተሯ ጋር ተገናኘሁ። ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ሜኑውም ይታያል፤ ቤቱ መታየት ያለበት ቦታ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። አስቴር ከመሞቷ በፊት ለአባቷ በኮምፒውተር የሣለችላቸው፣ ውስጡን እየዞሩ የሚያዩት ቤት ነው። ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል ላሳይህ ብላቸው ነበር። ፕሮግራሙ ያለው እሷ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ያለበት ሁሉ ተሰርዞ ማሽኑ ለአዲስ ሠራተኛ ይሰጣል። አቶ ዳና ሀዘን ላይ ስለሆኑ ከቤት አይወጡም። «ልጄ፣ ገና ነው?» አሉኝ። «ኔትወርክ ነው አባባ» ብዬ ዋሸሁ።

ረቡዕ
የሞከርኩት፦ የምስሉን ጥራት መቀነስ። የግራፊክስ ድራይቨሩን ማደስ። ከርቀት የሚያገናኝ ሌላ ፕሮግራም። ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት (በዚያው ቢቀርስ ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር)። ያው ጥቁር።
ሰው ያለቅሳል፣ እኔ ሴቲንግ እነካካለሁ። አክስቷ «እዚህም ሥራ?» አሉኝ፤ አፈርኩ። እንዲህ ሲቸግረኝ የምደውለው ለአስቴር ነበር። ዛሬም ስልኬን አንስቼ ስሟን ፈልጌያለሁ።

ሐሙስ፣ ሶዶ
ጥፋቱ የኔው ነው።
ጠዋት ለቢሮ ባልደረባችን ለሀብታሙ ደውዬ «ሞኒተሯ ላይ ምን ይታያል?» አልኩት። «የምን ሞኒተር? አንቺው አይደለሽ እንዴ የነቀልሽው?» አለኝ። በቀብሯ ዕለት፣ ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን እንደሚሸፈነው፣ ኬብሉን ነቅዬ ሞኒተሯን ነጠላ አልብሼው ነበር። ሞኒተር ያልተሰካለት ማሽን ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ አይሠራም፤ ወደ ላፕቶፔ የሚልከው ምስል የለውም። ለሰው ስንቴ ያስረዳሁት ነገር!
በሚኒባስ ሶዶ ገባሁ። ነጠላውን ላነሳ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሀብታሙ «እኔ ላንሳው?» አለ፤ አይሆንም አልኩት። አነሳሁት፣ ኬብሉን ሰካሁ፣ ቤቱ ቦግ አለ። በደስታ ጮህኩ። ከዚያ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ተበላ
ታየ። ይንቀራፈፋል፣ ግን ታየ። አቶ ዳናን በበሩ አስገብቼ ሳሎኑን፣ ወጥ ቤቱን፣ መኝታቸውን አዞርኳቸው። «ድገሚልኝ» አሉ፤ ደገምኩ። ያኔ ከመኝታቸው ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል አዩ።
«ይቺስ የማን ናት?»
አስቴር ክፍሏ ላይ «የእኔ» ብላ ጽፋለች። አነበብኩላቸው። ተበላ ተመልሼ አልኖርም ብላቸው ነበር፤ የተኳረፉትም በዚሁ ነው።
«መቼ ነው የጻፈችው?»
ፋይሉ ላይ ያለውን ቀን አየሁ። ከተኳረፉ በኋላ ነው፤ ነገርኳቸው። «እሺ» ብቻ አሉ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ የክፍሏ በር ላይ አድርገው ቆዩ።
ባላሳያቸው ይሻል ነበር? አላውቅም። ኔትወርኩ እስኪቋረጥ ድረስ ላፕቶፑን አልዘጋሁባቸውም።