የእናቴ መራራ ኪኖዋ

መስከረም 12
በጎቹን አጠጣሁ። አሳማዋ አጥር ጥሳ ወጥታ ነበር፣ እየተሳደብኩ መለስኳት። ከሰዓት በኋላ የእርሻ መሬት ተከፈለ። አምና የወንዙን ውሃ አስተኝተን ጨዉን ያጠብንበት ሜዳ ነው። በዕጣ። ለኔ የደረሰኝ? ዳሩ! በቦዩ በኩል ጥቂት ደህና መሬት፣ ከዚያ ወዲያ በጨው ነጭ በነጭ... ጎረቤቴስ ማን ሆነች? ማካሪያ፣ የወንድሜ ሚስት። እሷን ከማየት ጨዉን መላስ ይሻለኛል።

መስከረም 20
ኪኖዋችንን ዘራን፣ ያንን እንደ ጤፍ ደቃቅ እህል። ማካሪያ ከከተማ የመጣ ነጭ ዘር ይዛለች። ጣፋጭ ነው አሉ። የኔን ቀዩን አየችና ሳቀች።
«ዛሬም ይሄን መራራ? አሳማ እንኳ ይተፋዋል እኮ!»
«ባልሽን ያሳደገው ይሄው ነው» አልኳት።
«ለዛ ነዋ ፊቱ የማይፈታው!»
ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። በገንኩ።
የእናቴን ዘር የያዝኩት እኔ ብቻ ቀረሁ። ልጅ የለኝም። እኔ ስሞት ማን... ተዪው፣ ፕላሲዳ።

ኅዳር 3
ሦስት ቀን ነፋስ። የጨው አሸዋ ቡቃያውን ቀበረው። ተንበርክኬ በጣቴ አንድ በአንድ አወጣሁ። ማካሪያም በወዲያ በኩል እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን... አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።

ታኅሣሥ 19
የማካሪያ ኪኖዋ ቢጫ ሆነ። ጨዉ ከሥር እየወጣ ነው። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። ለማን ብዬ እዋሻለሁ? የኔም ነጩ መሬት ላይ ያለው ከስንዝር አላለፈም። ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ግን ቆሟል።

የካቲት 8
የማካሪያ ማሳ ደርቆ አለቀ። ወንድሜ መጥቶ አየና ሄደ። ሰላም እንኳ አላለኝም።

ሚያዝያ 2
ተሰረቅሁ! በቦዩ በኩል ያሉት ትልልቆቹ የኪኖዋዬ ራሶች ተቆርጠዋል። ዱካው የማካሪያ ነው፣ ያ ግራው የተቀደደ ጫማዋ። ከማሳ የሰረቀ በመንደሩ ጉባኤ ፊት ይገረፋል። ለጉባኤው አለቃ ለጋሽ ሴቬሮ ልነግር ተነሳሁ... ግማሽ መንገድ ላይ ቆምኩ። መራራ ኪኖዋ ማን ሊበላው ይሰርቃል? ለዘር ነው የወሰደችው። ያውም ሳታውቅ! ቦዩ ጋ የበቀለው ጨው መች ቀምሶ ያውቃል? ያንን ብትዘራ ዘንድሮ የደረሰባት ይደርስባታል። ከዚያ ደግሞ «የእናታችሁ ዘር ከንቱ ነው» ብላ አገር ታዳርሳለች።

ሚያዝያ 4
ከነጩ መሬት አጫጭሮቹን ቆርጬ በጨርቅ ቋጠርኩና ቤቷ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ሱፍ ትፈትላለች። ስታየኝ እንዝርቷ ወደቀ። ቋጠሮውን እግሯ ሥር ወረወርኩት።
«ሌባ! መስረቅ እንኳ አታውቂበትም!»
«ምን አደረግሁሽ?»
«ትልልቁን ለአሳማሽ ስጪ። ዘር የሚሆነው ጨው ውስጥ የቆመው ነው። ይሄ ድንክዬው!»
ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን አነሳች። ተናዳ ይሁን አፍራ አላውቅም። አልወዳትም፣ ዛሬም አልወዳትም። ጀርባዬን ሰጥቻት ልሄድ ስል...
«ፕላሲዳ፣ ስንት ውሃ ቢታጠብ ነው ምሬቱ የሚለቀው?»
«ሰባት» አልኳት፣ ሳልዞር።
እናቴ ከሞተች ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ሄድኩ። በንዴት ነው።