ለዋንጫው ቀን የተለጠፉ አሥር ጥፍሮች

ለተከበሩ አቶ ብሬንት ሃላም፣ የኔትቦል ሊጋችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎና በተለይም ጣቶችዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ያለኝን ጽኑ ተስፋ በአክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ጆይስ ማክሊሪ የምባል የቲማሩ ከተማ ቡድን በጎ ፈቃደኛ ስሆን፣ ለሃያ ስድስት ዓመታት ሥራዬ ከጨዋታ በፊት የተጫዋቾቹን ጥፍር መቁረጥ ነው። ኔትቦል ሴቶች ኳሱን በእጅ ብቻ እየተቀባበሉ ቀለበት ውስጥ የሚያስገቡበት ጨዋታ በመሆኑ፣ ጥፍሯ ከጣቷ ጫፍ ያለፈ ተጫዋች ሜዳ እንደማትገባ፣ ዳኛዋም የእያንዳንዷን እጅ እየያዘች እንደምታይ በዚህ አገር የሰባት ዓመት ልጅ ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ይህን ለማወቅ ጊዜ ያጡት በሥራ ብዛት እንደሆነ እረዳለሁ። የዘንድሮው ውድድር በመጠናቀቁ የሚከተለውን ምስጋና አቀርባለሁ።

1ኛ. በፍጻሜው ዕለት ጠዋት አምበላችንን ሎሳ ፋሌአፋን ለስፖንሰሩ ፎቶ አስጠርተው፣ አሥር ረጃጅም ቀይ አርቴፊሻል ጥፍሮች በጠንካራ ሙጫ ስላስለጠፉላት እናመሰግናለን። ሎሳ ግብ አስቆጣሪያችን ናት፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ተጫውታ፣ ሦስት ጊዜ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ የዚያን ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ልትሰለፍ ነበር። ጥፍሩ ከጨዋታ በፊት ይወልቅ እንደሆነ ስትጠይቅ በቀላሉ እንደሚወልቅ ያረጋገጡላት እርስዎ ራስዎ ነዎት። እኔ ለመከልከል ብመጣ፣ ፎቶ ክፍሉ በጎ ፈቃደኛ እንደማያስገባ በትሕትና ተነግሮኝ ደጅ ቆሜያለሁ።

2ኛ. ጥፍሩ አልወለቀም። መቁረጫዬም አልበላው አለ። ዳኛዋ ራዊኒያ ፓኪ የሎሳን እጅ ይዛ ብዙ ቆየች፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ።

«ሎሳዬ፣ በዚህ እኮ የሰው ዓይን ታወጪያለሽ። እንዴት አድርጌ ላስገባሽ?» አለቻት።

ያኔ የመብራት ሠራተኛውን ፒንሳ ተውሰን፣ ጨዋታው ያለ እሷ ተጀምሮ ሳለ፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ ነቀልነው። ነቃይዋ እኔ ነበርኩ። ሎሳ ፎጣ ነክሳ፣ ከስድስተኛው ጥፍር ጋር የራሷም ጥፍር ሲመጣ እንኳ «አንቺ ዝም ብለሽ ንቀይ፤ ሁለተኛው ሩብ ሊጀመር ነው» ብቻ ነበር ያለችኝ። ስንጨርስ ደግሞ የምትደማ ተጫዋች ሜዳ አትገባም። ይህም ሕግ ነው፤ ይህንንም አያውቁትም ነበር። በጠቀለልነው ቁጥር ደሙ በፋሻው ላይ እየወጣ፣ እጇን ከፍ አድርጋ ተቀምጣ በአንድ ግብ ስንሸነፍ አየች። እኔ ከእርስዎ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም ነበር፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለሁለቱም ቡድን እኩል ያጨበጭቡ ነበር። ለገለልተኛነትዎ አድናቆቴ ወሰን የለውም።

3ኛ. በማግስቱ ጽሕፈት ቤትዎ «የተጫዋች ጥፍር የተጫዋች ኃላፊነት ነው» የሚል መግለጫ ስላወጣ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከእርስዎ በስተቀር ሁላችንም ጥፋተኞች መሆናችንን በግልጽ ለመረዳት ችለናል። በበኩሌ ጥፋቴን አምኛለሁ፤ የፎቶ ክፍሉን በር መስበር ነበረብኝ።

ኔትቦልን ሳያውቁት ለመምራት ያሳዩት ድፍረት ለመጪው ትውልድ ትምህርት ሆኖ እንዲቆይ እየተመኘሁ፣ ወንበርዎም እንደ እርስዎ ሁሉ ከስፍራው ሳይነቃነቅ ዘመኑን እንዲፈጽም እየለመንኩ፣ ይህን ደብዳቤ ከታላቅ አክብሮት ጋር በራሴ እጅ ፈርሜ አቀርባለሁ።

ጆይስ ማክሊሪ
ቲማሩ

ማስታወሻ፦ ሎሳ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኝ ነበር። «ተዪው ጆይስ፣ እሱ እኮ ማን እንደሆንኩ እንኳ አያውቅም» ስትለኝ፣ በክቡርነትዎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መናገሯ አላስደሰተኝም ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ሲና ቱኢላጊ ሎሳ ቤት መጣች። ሲና ያሸነፈን ቡድን ተከላካይ ናት፤ እንደ ሎሳ ከሳሞአ ደሴቶች የመጣ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው። እርስዎ ለሎሳ ብለው የላኩት የጡረታ መሰናበቻ አበባና «ለዐሥራ ስድስት ዓመት አገልግሎትሽ» የሚለው ካርድ የደረሰው ለሲና ነው። የሲና ስም በትክክል ተጽፎበታል። አበባውን እቅፍ አድርጋ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበርና፣ ሎሳ በታሰረው እጇ ስታባብላት አመሸች።