ሰው ሳይሞት የሚተከል ድንኳን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለየዓለምዘርፍ፣

ጤናሽን ከእግዚአብሔር እለምናለሁ። ክረምት ሲገባ ጉልበትሽን እንደሚጠዘጥዝሽ አልረሳሁም። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን በፍቃዱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ቀን ቀን ቤቱ የእኔ ብቻ ነው። እዚህ ስካይላይን የሚባል ሰፈር የሚኖረው ጊዲዮን ወደ ባሕር ዳር ስለሚመጣ ይህን ወረቀት በእጅሽ ይሰጥሻል።

የምጽፍልሽ ስለ ድንኳኑ ነው። የዕድሩ ዳኛ ከሆንሽ ወዲህ ሥራው መልክ እንደያዘ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን «የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የዕድሩን ድንኳን ጉብታው ላይ አስቀድማችሁ ትከሉ» ብዬ በበፍቃዱ በኩል ብልክልሽ፣ «ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሟርት ነው። አሜሪካ ተቀምጠው ሞት ይጠሩብናል?» ብለሻል አሉ። መልሴን ስሚ።

የልጅ ልጃችን ሂዊ ክሪስታል ሲቲ ሥራ ይዛለች። ሥራዋ በሞቃት አገሮች ያለ ድሃ ሕዝብ ጎርፍና ድርቅ ሳይደርስበት እንዲሰማና እንዲተርፍ ማገዝ ነው። ባለፈው እሑድ እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ የሚሏት ከተማ፣ ወንዙ ዳር ወሰደችኝ። ውሃው መንገዱ ላይ ወጥቷል፤ ባለሱቆቹ በራቸው ላይ የአሸዋ ከረጢት ደርድረው ዕቃቸውን ይሸጣሉ። የሁሉም ስልክ ባንድ ጊዜ ለማስጠንቀቂያ ጮኸ። ሁሉም አየና መልሶ ኪሱ ከተተው።

«እነዚህስ ኢንሹራንስ አላቸው፣ አባባ» አለችኝ። «የእናንተ አገር ሰዎች ግን ዋርኒንጉ ከሦስት ቀን በፊት ይደርሳቸዋል። ለምንድን ነው ሙቭ የማያደርጉት?»

«ጎተራውን ማን ይጠብቅላቸው?»

«ሩዝ ከሰው ይበልጣል እንዴ?»

«ለአንቺማ ሩዝ የሚበቅለው ሱቅ ውስጥ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ፣ «ኦኬ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይወጡ ነበር?» አለችኝ።

«ጫማዬ ራሰ፤ ወደ ቤት እንመለስ» አልኳት።

ለእሷ ያልነገርኳትን ለአንቺ ልጻፈው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ የዕድሩ ዳኛ እኔ ነበርኩ። አንቺ እናትሽን አህያ ላይ አስቀምጠሽ «እንውጣ» አልሽኝ። እኔ «ቀድሞ የሚወጣ ፈሪ ነው፤ እህሌን ለሌባ ጥዬ አልሄድም» አልኩ። አንቺ ወጣሽ፤ ከቤቴ ግን ጢስ ሲወጣ ያየ ሁሉ ተቀመጠ። ጎረቤታችን ውባንቺ አንቺን ልትከተል ዕቃዋን ሸክፋ ነበር። በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «ዳኛው አሉ?» አለች። «አለሁ» አልኳት። ዕቃዋን ፈታች።

ድንኳኑን በአራተኛው ቀን ለእሷ ተከልነው። እንግዲህ ሟርቱ የትኛው ነው? ለለቅሶዋ አንድ ሳይጎድል የመጣው ሰው፣ ድንኳኑ አስቀድሞ ጉብታው ላይ ቆሞ ቢሆን ያኔም ይመጣ ነበር። እሷም ትመጣ ነበር። የእኛ ሰው ስልክ ስለጮኸ አይነሳም፤ ድንኳን ተተክሎ ግን ቤቱ የሚቀር የለም። ይህን የድንኳን ነገር ብቻ ለሂዊ ስነግራት ጻፈችው። አለቆቿም ይማሩበት።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እንደመጣ፣ የእናንተ ሰማይ ጥርት ያለ ቢሆን እንኳ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየሽ ድንኳኑንና ድስቶቹን አስጭነሽ ከሚካኤል በላይ ወዳለው ጉብታ ውጪ። ቀድመሽ አንቺ ውጪ። ምድጃሽን አጥፊ፤ ከቤትሽ ጢስ አይታይ። እዚያ ስም እየጠራሽ ቁጠሪ፤ የቀረውን ከቀብር እንደቀረ ሰው ቅጪው። እህሉን ከአሁኑ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ወደ ላይ አውጡ፣ ለጎተራው ብሎ የሚቀር እንዳይኖር። ሟርት ነው የሚልሽ ካለ በወልደአምላክ ራስ ላይ ይሁን በይ። ሽማግሌ ነኝ፤ እችለዋለሁ።

የስልኩን የዝናብ ካርታ ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብ ለምጃለሁ። የርብ ውሃ የሚነሳበት ጉና ተራራ ላይ ደመና ሲጠቁር ካየሁ ምሳ አይወርድልኝም። በፍቃዱ «ስኳርዎ ነው» ይለኛል። ስኳር አይደለም።

ወደዚህ ስነሳ «ያን ጊዜ ስወጣ አልተከተሉኝም፤ አሁን እኔም አልከተልዎትም» ያልሽኝን ስድስት ዓመት ሙሉ ቂም አድርጌ ይዤዋለሁ። ልክ ነበርሽ። እንዲህ ብዬ ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ ወረቀቱን እንዳትጥዪው።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። የምትረግጪው መሬት ደረቅ ይሁን።

በፍቃዱ ካንቺ ጋር ሲያወራ ስልኩን ወደ እኔ በዘረጋው ቁጥር ፊቴን ሳዞር ኖሬአለሁ። ጉብታው ላይ የወጣሽ ዕለት ደውዪ። እኔ ራሴ አነሳዋለሁ።

ባልሽ
ወልደአምላክ